በግድብ ላይ የሚያልፍ አጭር አውራ ጎዳና

ለከተማ ነዋሪዎችና ለአስተዳደር ሠራተኞች የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

መንገድ ሰውን ከሰው ያገናኛል፤ ወንዝ ግን መንገድን ይቆርጣል። በክረምት ወንዝ ሞልቶበት ከማዶ የቀረ ነጋዴ፤ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያቃተው በሽተኛ፤ ደብዳቤው የዘገየበት መሥሪያ ቤት ይህን ነገር ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ስለዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ወንዝን ለመሻገር ድልድይ ሲሠሩ፤ ውሃን ለማቆም ደግሞ ግድብ ሲሠሩ ኖረዋል። ሁለቱ ሥራዎች በዓላማቸው የተለያዩ ናቸው። ድልድይ ውሃውን ሳይነካ ከሥሩ ያሳልፈዋል፤ ግድብ ግን ይዞ ያስቀረዋል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ አንዱ ሥራ የሌላውን ተግባር ደርቦ ይይዛል፤ ይኸውም ግድቡ ራሱ እንደ ድልድይ ሆኖ መንገድ በአናቱ ላይ ሲያልፍ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው መንገድ እንዴት እንደሚሠራ፤ ማን እንደሚጠብቀው፤ ምን ጥቅምና ምን አደጋ እንዳለበት ማስረዳት ነው። ለምሳሌ የመረጥነውም በአሜሪካ፤ በኦክላሆማ ግዛት የሚገኘውን 151 ቁጥር የግዛት አውራ ጎዳና ነው። የዚህ መንገድ ርዝመት ሁለት ማይል ገደማ ብቻ ነው። በካርታ ላይ ፈልጎ ለማግኘት እንኳ ያስቸግራል። ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ላይ የፌዴራል መንግሥት፤ የግዛት መንግሥትና የአካባቢ አስተዳደር ሥራ በአንድነት ይታያል፤ የአንድ ታላቅ ከተማ ደኅንነትም በእርሱ ሥር ባሉት መዝጊያዎች ላይ ተንጠልጥሏል። ስለዚህ ትንሽነቱን ሳንንቅ ብንመረምረው ትምህርት እናገኝበታለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩፤ ስፍራውና ወንዞቹ

አርካንሳስ የሚባለው ወንዝ ከኮሎራዶ ተራሮች ይመነጫል፤ የካንሳስን ሜዳ አቋርጦ ወደ ኦክላሆማ ይገባል፤ በመጨረሻም ከታላቁ ከሚሲሲፒ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ሲማሮን የሚባለው ሁለተኛው ወንዝ ደግሞ ከኒው ሜክሲኮ ግዛት ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል፤ ከቱልሳ ከተማ በስተ ምዕራብም ከአርካንሳስ ጋር ይገናኛል።

እነዚህ ወንዞች የሜዳ ወንዞች ናቸው። በደረቁ ወራት ሰፊ የአሸዋ ሜዳ መስለው ይታያሉ፤ ውሃቸውም በአሸዋው መካከል ቀጥኖ ይሄዳል። ብርቱ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ግን ያ ሁሉ አሸዋ በአንድ ሌሊት ይሸፈናል፤ ወንዙም ከዳርቻው ወጥቶ በእርሻውና በከተማው ላይ ይተኛል። በአገራችን አባቶች «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚሉት ቃል ለእነዚህ ወንዞችም የተነገረ ይመስላል።

ቱልሳ በነዳጅ ዘይት ንግድ የከበረች ከተማ ናት። ቤቶቿና ፋብሪካዎቿ ወደ ወንዙ ዳር ተጠግተው ስለ ተሠሩ በ1923 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀለ። ከዚያ በኋላ የጎርፍ መከላከያ ካብ፤ ማለት በወንዙ ዳርና ዳር የተቆለለ የአፈር ግንብ፤ እንዲሠራ ሆነ፤ ሥራውም በ1945 ዓ.ም. ተፈጸመ። ነገር ግን ካብ ውሃውን ወደ ጎን እንዳይወጣ ይከለክለዋል እንጂ የሚመጣውን ውሃ አይቀንሰውም። የሚመጣውን ውሃ ለመቀነስ ከላይ፤ ከከተማው በፊት፤ ውሃውን የሚይዝ ሥራ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1950 ዓ.ም. ባወጣው የጎርፍ መከላከያ ሕግ ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ ጥቂት ዝቅ ብሎ ግድብ እንዲሠራ ፈቀደ። ሥራው በ1957 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1964 ዓ.ም. ጎርፍን ለመከላከል ተዘጋጀ፤ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይል መስጠት ጀመረ። ሁለቱ የኃይል መኪናዎች በአንድነት 70 ሺህ ኪሎዋት ያመነጫሉ።

ግድቡ ኪስቶን ይባላል። ይህ ስም በወንዞቹ መገናኛ ላይ ትኖር የነበረች የትንሽ ከተማ ስም ነው። ሐይቁ በሞላ ጊዜ የኪስቶን ከተማ ስፍራ ከውሃ በታች ሆነ፤ ማንፎርድ የምትባለው ጎረቤት ከተማም ከነነዋሪዎቿ ወደ አዲስ ስፍራ ተዛወረች። የታችኛይቱ ከተማ ከጎርፍ ትድን ዘንድ የላይኛዎቹ ከተሞች መኖሪያቸውን ለቀቁ ማለት ነው። ከጥንቷ ኪስቶን ስሟ በግድቡና በሐይቁ ላይ ቀርቷል። ስለ ታላላቅ ሥራዎች ጥቅም በምንናገርበት ጊዜ ይህንንም ዋጋ አብሮ መቁጠር የተገባ ነው።

፪፤ የግድቡ አሠራር

የኪስቶን ግድብ ርዝመት 4,600 ጫማ፤ ማለት 1,400 ሜትር ያህል ነው። ከወንዙ ወለል እስከ አናቱ ያለው ከፍታ 121 ጫማ፤ ማለት 37 ሜትር ያህል ነው። ወንዙ የሚያልፍበት ክፍል ከሲሚንቶ አርማታ የተሠራ ሲሆን የቀረው ክፍል በንብርብር ተደልድሎ የተጠቀጠቀ አፈር ነው።

የአርማታው ክፍል ውሃውን የሚያቆመው በክብደቱ ነው። ሐይቁ ግድቡን ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ግድቡም በክብደቱ መሬቱን ረግጦ ይቆማል። የአፈሩ ክፍል ደግሞ በስፋቱ ይቆማል፤ ከታች እጅግ ሰፊ፤ ከላይ ጠባብ ነው። በአርማታውና በአፈሩ መካከል አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ውሃ በአርማታ ላይ ቢፈስስ አርማታው ለጊዜው ሊችለው ይችላል፤ በአፈሩ አናት ላይ ከፈሰሰ ግን አፈሩን እየሸረሸረ ይቆርጠዋል፤ ግድቡም ይፈርሳል። ስለዚህ የማናቸውም የአፈር ግድብ የመጀመሪያ ሕግ ውሃ በአናቱ ላይ ከቶ እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

ይህን ለመጠበቅ ሲባል በአርማታው ክፍል ላይ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻ ተሠርቶአል። ማስተንፈሻው 18 ታላላቅ የብረት መዝጊያዎች አሉት። የእያንዳንዱ መዝጊያ ወርድ 40 ጫማ፤ ቁመቱ 35 ጫማ ነው፤ ማለት ሦስት ፎቅ ያለውን ቤት ያህል ይቆማል። መዝጊያዎቹ እንደ ቅስት የጎበጡ ናቸው፤ በሚነሡበት ጊዜ ውሃው ከሥራቸው ይወጣል። የማስተንፈሻው ጠቅላላ ወርድ 856 ጫማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 720ው ጫማ የመዝጊያዎቹ ነው፤ የቀረው 136 ጫማ በመዝጊያዎቹ መካከል የቆሙት የአርማታ ምሰሶዎች ውፍረት ነው።

ሐይቁ በሁለት ደረጃ ይከፈላል። በተለመደው ጊዜ ውሃው ከባሕር ወለል በላይ በ723 ጫማ ላይ እንዲቆይ ይደረጋል። ከዚያ በላይ እስከ 754 ጫማ ያለው ስፍራ፤ ማለት የ31 ጫማ ከፍታ፤ ባዶ ሆኖ ይጠበቃል። ይህ ባዶ ስፍራ ላላወቀ ሰው ሥራ ፈት ሆኖ የተቀመጠ ሀብት ይመስለዋል። «ለምን ውሃ አይሞላበትም፤ ኃይል ወይም መስኖ ለምን አይሆንበትም» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ነገር ግን የጎርፍ መከላከያ ግድብ ዋጋው ባዶው ስፍራው ነው። የመጣው ጎርፍ በዚያ ስፍራ ያርፋል፤ ከዚያም በዝግታ ይለቀቃል። ባዶው ስፍራ አስቀድሞ ከተሞላ ግን ግድቡ የሚመጣውን ውሃ እየተቀበለ ከማሳለፍ በቀር ሌላ ሊያደርግ አይችልም።

፫፤ መንገዱ በግድቡ ላይ እንዴት ተቀመጠ

151 ቁጥር አውራ ጎዳና በደቡብ በኩል 51 ቁጥር ከሚባለው የግዛት መንገድ ይነሣል፤ በግድቡ አናት ላይ ያልፋል፤ በሰሜን በኩልም 64 እና 412 ቁጥር በሚባሉት የአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ ያበቃል። ተግባሩ በወንዙ በስተ ደቡብ የሚሄደውን መንገድ በወንዙ በስተ ሰሜን ከሚሄደው ጋር ማያያዝ ነው። ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ፤ ይህ መንገድ ባይኖር ኖሮ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ለመድረስ የሚፈልግ ሁሉ ረዥም መንገድ መዞር ግድ ይሆንበት ነበር።

አንባቢ «መኪናዎች በላዩ ሲመላለሱ ግድቡን አያናጉትምን» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም በሒሳብ ይገኛል። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ሁለት ቶን ተኩል ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 36 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ከነጭነቱ የ15 ሜትር ኩብ አርማታ ክብደት ብቻ አለው። ይህም ከግድቡ ክብደት ጋር ሲነጻጸር በበሬ ጀርባ ላይ እንዳረፈች ዝንብ ነው። ግድቡ በክብደት የሚቆም እንደ መሆኑ የመኪናው ክብደት ለግድቡ ሸክም አይሆንበትም።

ነገር ግን ይህ መልስ ለመንገዱ ሁሉ አይሠራም። መዝጊያዎቹ ባሉበት ስፍራ በመንገዱ ሥር ያለው ጠጣር አርማታ ሳይሆን ባዶ አየር፤ ከዚያም በታች መዝጊያና ውሃ ነው። በዚህ ስፍራ መንገዱ ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በተዘረጋ ድልድይ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ በግድብ ላይ የሚያልፍ መንገድ በእውነቱ ሦስት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛ፤ በአፈሩ ክፍል ላይ እንደ ማናቸውም የተደለደለ መንገድ ነው፤ ሁለተኛ፤ በጠጣሩ አርማታ ላይ እንደ ግንብ አናት ነው፤ ሦስተኛ፤ በማስተንፈሻው ላይ ድልድይ ነው።

የእያንዳንዱ ክፍል ጥበቃ ልዩ ልዩ ነው። በአፈሩ ክፍል ላይ ታላቁ ጠላት የዝናብ ውሃ ነው፤ የመንገዱ ቦይ ከተደፈነ የዝናቡ ውሃ በግድቡ ጎን ላይ እየወረደ አፈሩን ይቦረቡራል። በድልድዩ ክፍል ላይ ደግሞ የመኪና ክብደት፤ ሙቀትና ብርድ ይሠሩበታል። አርማታና ብረት በሙቀት ይረዝማሉ፤ በብርድ ያጥራሉ፤ ስለዚህ በድልድዩ ክፍሎች መካከል ለመላወሻ የሚሆን ክፍተት ይተዋል። ይህ ክፍተት በድንጋይና በቆሻሻ ከተሞላ ድልድዩ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም በክረምት ለበረዶ ማቅለጫ በመንገዱ ላይ የሚበተነው ጨው ከውሃ ጋር ወርዶ በውስጡ ያለውን ብረት ያዝጋል። ቦይ መጥረግና ክፍተት ማጽዳት ዝቅተኛ ሥራ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የታላቁ ሥራ ዕድሜ በዚህ ይወሰናል።

፬፤ ግድቡ የማን ነው? መንገዱስ የማን ነው?

ለአስተዳደር ሠራተኞች ከሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ይህ ክፍል ነው። ግድቡን የሠራውና የሚጠብቀው የፌዴራሉ መንግሥት የጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ክፍል ነው፤ ሐይቁ መቼ እንዲሞላ፤ መዝጊያዎቹ መቼ እንዲነሡ የሚያዝዘውም እርሱ ነው። ኃይሉን የሚሸጠው ሌላ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። በግድቡ አናት ላይ የሚያልፈው መንገድ ግን የኦክላሆማ ግዛት መንገድ ነው፤ ቁጥሩን የሰጠው፤ በመንገዶቹም መዝገብ ላይ የጻፈው የግዛቱ የመጓጓዣ መሥሪያ ቤት ነው። በታች በቱልሳ ከተማ አጠገብ ያሉትን የጎርፍ መከላከያ ካቦች ደግሞ የፌዴራሉ መንግሥት ሠርቶ ካስረከበ በኋላ የሚጠብቃቸው ለዚሁ ሥራ በአካባቢው የተቋቋመ ወረዳ ነው።

እንግዲህ አንድ ውሃ፤ አንድ ወንዝ፤ ሦስት ባለ ሥልጣኖች አሉት። ሥራቸው እንዳይጋጭ ድንበሩ በሕግ ይወሰናል። ለምሳሌ በ1899 ዓ.ም. የወጣው የወንዞችና የወደቦች ሕግ 14ኛው ክፍል፤ የፌዴራሉ መንግሥት በሠራው ግድብ ወይም ካብ ላይ ማንም ያለ ፈቃድ አንዳች ነገር እንዳይሠራበት፤ እንዳይለውጠውም ይከለክላል። ስለዚህ አንድ የመንገድ መሥሪያ ቤት በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ የመብራት ምሰሶ ለመትከል ቢፈልግ እንኳ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይገባዋል። ይህ መዘግየት ለቸኮለ ሰው ያስቆጣዋል፤ ነገር ግን በግድብ ላይ የተቆፈረች ትንሽ ቀዳዳ የውሃ መንገድ ልትሆን ስለምትችል ክልከላው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥልጣን መከፋፈሉ ጥቅም አለው፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሥራ ይሠራልና። ጉዳትም አለው፤ የሁሉ የሆነ ሥራ የማንም ሥራ ሳይሆን እንዳይቀር ያሠጋልና። ቦዩን የሚጠርገው ማን ነው? መንገዱን በጎርፍ ጊዜ የሚዘጋው ማን ነው? ከታች ያለውን ሕዝብ የሚያስጠነቅቀው ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በደረቁ ወራት በጽሑፍ መልስ ካላገኙ በጎርፍ ሌሊት መልስ አይገኝላቸውም።

፭፤ ሁለት የፈተና ጊዜያት

በ1986 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት መጀመሪያ ከፓስፊክ ውቅያኖስ የመጣ የማዕበል ቅሪት በኦክላሆማ ላይ ለብዙ ቀናት ዘነበ። የኪስቶን ሐይቅ ባዶው ስፍራው ተሞላ። በመጨረሻም በመዝጊያዎቹ በኩል በሴኮንድ ከ300 ሺህ ጫማ ኩብ በላይ፤ ማለት 8,600 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይለቀቅ ጀመር። የዚህን መጠን ለመረዳት በአንድ ሰዓት ውስጥ 31 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ አለፈ ማለት ነው፤ ይህን ውሃ ለመጫን ቢታሰብ እያንዳንዳቸው አሥር ሜትር ኩብ የሚይዙ ሦስት ሚሊዮን የውሃ መኪናዎች በየሰዓቱ ያስፈልጉ ነበር። በቱልሳና በሳንድ ስፕሪንግስ አካባቢ ብዙ ቤቶች በውሃ ተሞሉ፤ በምዕራብ ቱልሳም አንድ የግል መከላከያ ካብ ተሰበረ።

ከጎርፉ በኋላ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ውሃው አስቀድሞ በዝግታ ቢለቀቅ ኖሮ ጉዳቱ ይቀንስ ነበር የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በዚህ ክርክር ውስጥ የመዝጊያ አዛዡ ችግር ይታያል። አስቀድሞ ቢለቅቅ፤ ገና ባልመጣ ዝናብ ምክንያት ከታች ያሉትን እርሻዎች ያጠልቃል፤ ዝናቡ ከቀረም ያለ ምክንያት አጠፋ ተብሎ ይወቀሳል። ቢጠብቅና ዝናቡ ቢበረታ ባዶው ስፍራ ያልቅበታል፤ ያን ጊዜ የመጣውን ያህል ከመልቀቅ በቀር ምርጫ አይኖረውም፤ ውሃው በአፈሩ አናት ላይ ከወጣ ግድቡ ራሱ ይጠፋልና። በመጨረሻ የሚመርጠው በጉዳትና በሞት መካከል ነው፤ ጉዳቱንም ለመምረጥ ይገደዳል። ይህን የሚረዳ ሕዝብ «ግድብ አለን፤ ከእንግዲህ ጎርፍ የለም» ብሎ አይዘናጋም። ግድብ ጎርፍን ይቀንሳል፤ ያዘገያል እንጂ ጎርፍ የሚባለውን ነገር ከምድር አያጠፋም።

ሁለተኛው ፈተና በ2019 ዓ.ም. በግንቦት ወር መጣ። ዝናቡ ብዙ ሳምንት ስለ ቆየ ሐይቁ ለጎርፍ ከተለየው ደረጃ በላይ ወጣ። መሐንዲሶቹ የሚለቀቀውን ውሃ ደረጃ በደረጃ እያሳደጉ በወሩ መጨረሻ ገደማ በሴኮንድ እስከ 275 ሺህ ጫማ ኩብ፤ ማለት 7,800 ሜትር ኩብ ያህል አደረሱት። በየጊዜው ስንት እንደሚለቀቅ አስቀድሞ ለሕዝብ ይነገር ነበር። ከታች ግን በ1945 ዓ.ም. የተፈጸሙት የአፈር ካቦች ለብዙ ቀናት በውሃ ተደግፈው ቆሙ፤ ውሃም በሥራቸው ይሰርግ ጀመር። የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች ሌሊትና ቀን በካቦቹ ላይ እየተመላለሱ የሰረገውን ስፍራ ይፈልጉ ነበር። ካቦቹ ቆሙ፤ ከተማይቱም ከከፋው ጥፋት ዳነች። ከቱልሳ በታች በዌበርስ ፎልስ ከተማ በኩል ግን ከታሰሩበት ያመለጡ ሁለት የጭነት ጀልባዎች በወንዙ ላይ ካለው ግድብ ጋር ተጋጭተው ሰጠሙ፤ ሕዝቡም ከተማውን እንዲለቅ ታዘዘ።

ከዚህ በኋላ ያረጁትን ካቦች ለማደስ ጥናት ተደረገ፤ በ2022 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት ለዚሁ ሥራ ከ130 ሚሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ልብ ማለት የሚገባን ነገር አለ፤ የላይኛው ግድብ ምን ያህል ብርቱ ቢሆን የታችኛው ካብ ደካማ ከሆነ ከተማው አይድንም። ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት በኩል ነውና።

፮፤ መንገድ ከግድብ ላይ የሚወርድበት ጊዜ

በግድብ ላይ መንገድ ማሳለፍ ወጪን ይቀንሳል፤ አንድ ግንብ ለሁለት ሥራ ያገለግላልና። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ መንገዱና ግድቡ የማይስማሙበት ሁኔታ ይመጣል። ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው በአሪዞና ግዛት የሚገኘው የሩዝቬልት ግድብ ነው። ይህ ግድብ በ1911 ዓ.ም. በተፈጸመ ጊዜ መኪናዎች ጥቂቶችና ትንንሾች ነበሩ፤ በአናቱ ላይ ያለው መንገድም በዚያው ልክ ጠባብ ሆኖ ተሠራ። መኪናዎች እየበዙና እየገዘፉ ሲሄዱ መንገዱ ስለ ጠበበ በ1990 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ ልዩ የብረት ድልድይ ተሠርቶ መንገዱ ከግድቡ ወረደ።

ሁለተኛው በኔቫዳና በአሪዞና ግዛቶች ድንበር ላይ ያለው ዝነኛው የሁቨር ግድብ ነው። ቁመቱ 221 ሜትር፤ የአናቱ ርዝመት 379 ሜትር ነው፤ በ1935 ዓ.ም. ተመረቀ። ለብዙ ዘመን 93 ቁጥር የአሜሪካ አውራ ጎዳና በአናቱ ላይ ያልፍ ነበር። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ በመሆኑ፤ በተሳፋሪዎችና በጎብኚዎች መጨናነቅም የተነሣ ብዙ ጊዜ ይታመስ ነበር። በመስከረም 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ላይ የሽብር ጥቃት ከደረሰ በኋላ፤ ግድቡ እንዳይጎዳ ሲባል የጭነት መኪናዎች በላዩ እንዳያልፉ ተከለከሉ፤ በሌላ መንገድ ዞረው መሄድ ግድ ሆነባቸው። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከግድቡ ፊት ለፊት፤ ከወንዙ 270 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተሠራው የቅስት ድልድይ ተከፈተ፤ አውራ ጎዳናውም ወደ እርሱ ተዛወረ። ከኔቫዳ በኩል ወደ ግድቡ የሚወስደው አሮጌው መንገድ ዛሬ 172 ቁጥር የተባለ አጭር የግዛት መንገድ ሆኖ ጎብኚዎችን ያደርሳል።

ሦስተኛው ከእኛ ቀርቦ የሚገኘው በኡጋንዳ አገር በጂንጃ ከተማ አጠገብ፤ የነጭ ዓባይ ውሃ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት ስፍራ ያለው የኦወን ፎልስ ግድብ ነው፤ ዛሬ ናሉባሌ ይባላል። በ1954 ዓ.ም. በንግሥት ኤልሳቤጥ ተመረቀ። ከኬንያ ወደብ ተነሥቶ ወደ ካምፓላ የሚሄደው ታላቅ የንግድ መንገድ በአናቱ ላይ ያልፍ ነበር። ወደብ የሌላቸው አገሮች ጭነት ሁሉ በዚህ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ነበር፤ ግድቡም እያረጀ ስለ ሄደ፤ በጃፓን መንግሥት ብድር 525 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተሠርቶ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ተከፈተ።

ከአገራችን ሐይቅ፤ ከጣና ወጥቶ በሚፈስሰው በጥቁር ዓባይ ላይም በሱዳን በ1925 ዓ.ም. የተፈጸመው የሰናር ግድብ አለ፤ በእርሱ ላይ የባቡር ሐዲድ እንዲያልፍበት ተደርጓል። እንግዲህ ግድብን ለመሻገሪያ ማዋል የአንድ አገር ልማድ ብቻ አይደለም።

ምሳሌዎቹን ስናነጻጽር የኦክላሆማው አጭር መንገድ ለምን በግድቡ ላይ እንደ ቀረ እንረዳለን። በሁቨርና በኦወን ፎልስ ላይ ያለፉት የአገር አቋራጭ መንገዶች ነበሩ፤ ጭነቱም ብዙ ነበር። በኪስቶን ላይ የሚያልፈው ግን ማያያዣ መንገድ ነው፤ የአገር አቋራጮቹ መንገዶች በወንዙ በሁለቱም ወገን ለብቻቸው ይሄዳሉ። መጠነኛ ሥራ ለመጠነኛ መንገድ ስለ ተሰጠው ግድቡና መንገዱ ተቻችለው ይኖራሉ።

፯፤ ከዚህ የምናገኘው ትምህርት

ስለ ግድብና ስለ መንገድ የሚመክሩ የማዘጋጃ ቤት ሹማምንትም ሆኑ በግድብ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች የሚከተሉትን ነገሮች ቢያስቡባቸው ይጠቅማቸዋል።

አንደኛ፤ ግድብ ሲታሰብ በላዩ መንገድ ያልፋል ወይስ አያልፍም የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይወሰን። መንገዱ በኋላ ይጨመራል ማለት ከተሠራ በኋላ ቤትን ማስፋት ነው፤ ወጪው ይበዛል፤ ውበቱና ጥንካሬው ይቀንሳል።

ሁለተኛ፤ የመንገዱ ስፋት ለዛሬው መኪና ብቻ ሳይሆን ለልጆቻችን መኪናም ይለካ። የሩዝቬልት ግድብ ሠሪዎች ብልሆች ነበሩ፤ ሆኖም የመጪውን ዘመን መኪና ሊያዩት አልቻሉም።

ሦስተኛ፤ መንገዱ በግድቡ ላይ ብቻውን የአገር መተላለፊያ አይሁን። ግድቡ በጎርፍ፤ በጥገና ወይም በጸጥታ ምክንያት ሊዘጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌላ መንገድ የሌለው ከተማ ከነገበያው ይዘጋል።

አራተኛ፤ የልዩ ልዩ ባለ ሥልጣኖች የሥራ ድንበር በጽሑፍ ይወሰን፤ በየዓመቱም ከክረምት በፊት ባለ ሥልጣኖቹ በአንድነት ተቀምጠው ይመርምሩት።

አምስተኛ፤ ለጎርፍ የተለየው ባዶ ስፍራ በምንም ምክንያት እንዳይሞላ ይጠበቅ፤ በግድቡ ሥር በሚገኘው የወንዝ ዳርም ግድብ አለ በሚል ትምክህት ቤት አይሠራ። የቱልሳ ታሪክ የሚያሳየው ግድብ ከተሠራ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላም ታላቅ ጎርፍ እንደ መጣ ነው።

ስድስተኛ፤ ከታች ያለው ሕዝብ ማስጠንቀቂያውን ከማን እንደሚሰማ፤ በየትኛው መንገድ ወደ ከፍታ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወቅ። ማስጠንቀቂያ የሚጠቅመው መውጫውን ለሚያውቅ ሰው ነው።

ሁለት ማይል የምታህለውን መንገድ በመኪና የሚያልፍ ሰው በአምስት ደቂቃ ይጨርሳታል፤ በግራው ሐይቅ፤ በቀኙ ወንዝ ያያል፤ ከዚያም መንገዱን ይቀጥላል። ከሥሩ ግን አሥራ ስምንት መዝጊያዎች ተተክለዋል፤ ከበላያቸው የሰጠመች ከተማ፤ ከበታቻቸው በሕይወት ያለች ከተማ አለች። በመካከላቸው ያለውን ሥራ የሚጠብቁት መሐንዲሱ፤ ቦይ ጠራጊውና ካብ ጠባቂው ናቸው። የሕዝብ ሥራ ጥንካሬ በምረቃው ቀን አይታወቅም፤ ከምረቃው በኋላ ባሉት ብዙ ጸጥተኛ ዓመታት በሚደረገው ጥበቃ ይታወቃል።